ለጊዜው ይታገሱ

ሰኞ፣ ጥቅምት 6

አንዲት ደብዳቤ አምስት ጊዜ ጻፍኩ። ስህተት ኖሮባት አይደለም። «ብፁዕ አባታችን» የሚለው ደመቅ ይበል አለ ማኅተሙ። ደመቅ አደረግኩት። አሁን ደግሞ ከፍ ይበል። ከፍ አደረግኩት። ኧረ መስመሩን ሞላው፣ ትንሽ ዝቅ… ጳጳሱ ራሳቸው ይህን ሁሉ መውጣትና መውረድ ቢያዩ ይደክማቸው ነበር።

ማኅተሙ የምለው የጽሕፈት ቤታችንን ኃላፊ ነው። የሀገረ ስብከቱን ማኅተም እንደ ቤት ቁልፍ ኪሱ ከትቶ ነው የሚዞረው። ሽንት ቤት ሲገባም። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ከእሱ በቀር የማያውቀው የለም።

አዲስ ሥራም ተሰጠኝ። ሀገረ ስብከቱ ሰባ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ መጽሐፍ ይወጣል። «ጳጳሳትና ካህናት በሀገረ ስብከታችን ታሪክ»። ስድስት ጳጳሳት፣ ለእያንዳንዳቸው ሙሉ ገጽ ፎቶ፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ገጽ ታሪክ። ካህናቱ ከመጨረሻ፣ በዝርዝር፣ በደቃቅ ፊደል። «ቦታ እንዳይፈጅ» አለኝ። ጳጳስ ባርኮ ይሄዳል። ሕፃኑን የሚያጠምቀው፣ በሽተኛውን የሚጠይቀው፣ የሞተውን የሚቀብረው ቄስ ነው። እሱ በደቃቁ።

የአባዬ ስም ይገባ ይሆን? አልጠየቅኩም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ስሠራ የማን ልጅ እንደሆንኩ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሳም።

ቤት ስገባ አባዬ መስኮቱ ሥር ጋደም ብሏል። ሳሉ ብሶበታል። «ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» «ጳጳስ ሳደምቅ።» «ጥሩ ነው» አለ። ቀልድ ይሁን ምርቃት እንጃ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8

ሐኪም ቤት። ልቡ ደክሟል አለች ሐኪሟ። «ምን ያህል?» አልኳት። ወረቀቷን እያየች «ለከርሞ የሚሆን ዕቅድ አታውጡ» አለችኝ። እንደ አየር ትንበያ።

ስንወርድ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ደክሞት መስሎኝ ነበር።

«በምንድን ነው የምትቀብሪኝ?»

«ምን ማለት ነው?»

«ልብሱን ነው የምልሽ።»

የክህነት ልብሱ ሳጥን ውስጥ ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች በየዓመቱ አውጥታ ፀሐይ ታስመታውና መልሳ ታጥፈው ነበር። ከሞተች ወዲህ እኔ፣ በእሷው እጥፋት። ሠላሳ አንድ ዓመት የታገደ ቄስ ምን ለብሶ ይቀበራል? «በኮት ከቀበራችሁኝ ፈጣሪ ፊት አቶ ሆኜ ነው የምቀርበው» አለ። ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

«ወረቀት አምጪልኝ። ጳጳስ የፈረመበት። ቄስ ነኝ ወይስ አይደለሁም? በቃል ግን አልፈልግም። በቃል ተነግሮኝ ያውቃል።»

በቃል መቼ ተነገረህ? ልለው ስል ሳሉ ያዘው።

እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝብ ፊት ደብዳቤ ተነበበ። ለጊዜው ታግደዋል። ምክንያት የለም። አባዬ መስቀሉን ኪሱ ከተተና በእግሩ ወደ ቤት ሄደ፤ እኛም ከኋላው። ከዚያ ፍርድ ቤት በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆነ። ሰዉ «የቀድሞው» ይለው ጀመር። የቀድሞው ጋ ሂድ፣ የቀድሞው ጥሩ አድርጎ ይጽፍልሃል… ለስንቱ ሲጽፍ ኖሮ ለራሱ አንዲት ማመልከቻ አልጻፈም። ለምን ስለው መልሱ አንድ ነው። «ታዘዝኩ።»

ሐሙስ፣ ጥቅምት 16

ለመጽሐፉ ሰበብ የአሮጌው መዝገብ ቤት ቁልፍ ተሰጠኝ። የካህናቱን ዝርዝር ከየፋይሉ እንድለቅም። ሦስት ቀን አቧራ ቃምኩ። ዛሬ አገኘሁት።

የአባዬ ማመልከቻ ነው። ያ የሚያምር እጁ፣ በጥቁር ቀለም። ሴት ልጆች ከወንዶቹ እኩል ንባብ እንዲማሩ ከአዳራሹ አንድ ክፍል ይፈቀድልኝ ይላል። በቃ ይኸው ነው። ከፊርማው ሥር በአረንጓዴ ቀለም የያኔው ጳጳስ መልስ። ሁለት ቃል። እሳቸው ሁልጊዜ በአረንጓዴ ነበር የሚጽፉት፣ ሳጥኑ ሙሉ በሳቸው አረንጓዴ ነው።

ለጊዜው ይታገሱ።

ይታገሱ! ሁለት ሦስቴ አነበብኩት። ከሥሩ በስፒል የተያያዘው በታይፕ የተጻፈ ደብዳቤ ደግሞ «ለጊዜው ይታገዱ በተባለው መሠረት ከማንኛውም የክህነት አገልግሎት የታገዱ መሆኑን…» ይላል።

መስኮቱ ጋ ወስጄ በአጉሊ መነጽር አየሁት። ሱ ናት። እሳቱ ሰ። አናቷ ላይ ግን ጭረት አለ፣ ኮፍያ የደፋች ይመስል፤ ለቸኮለ ሰው ዱ ነች። ጭረቷ ግን አረንጓዴ አይደለችም። ጥቁር ናት። አባዬ ሲፈርም ከስሙ ሥር ረጅም መስመር ይጎትታል፣ እስከ ዛሬ። ያ መስመር ነው ወርዶ የጳጳሱ ቃል ላይ ያረፈው።

በራሱ ፊርማ ጅራት ታገደ ማለት ነው።

ሌሎቹን ማመልከቻዎች አገላበጥኩ። ጣሪያው ያፍሳል ላለ፣ ለጊዜው ይታገሱ። እናቴ ታማለች ልዛወር ላለ፣ ለጊዜው ይታገሱ። የሰውዬው ምላሽ ለሁሉም አንድ ነው። አንዳቸውም አልታገዱም። በመጽሐፉ የእኚህ ጳጳስ ምዕራፍ ርእስ ምንድን ነው? «ታጋሹ አባት»። እኔው ነኝ የጻፍኩት፣ ባለፈው ሳምንት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 17

የታይፑን ደብዳቤ ደግሜ አየሁት። ከታች በስተግራ ደብዳቤውን የመታው ሰው የስም ምልክት አለ። ሁለት ፊደል። ዛሬም በየወረቀቱ ጥግ የማያቸው ሁለት ፊደላት።

ጠዋት ማኅተሙ ደህና አደርሽ አለኝ። አልመለስኩለትም።

እሑድ፣ ጥቅምት 19

ለአባዬ ነገርኩት። ወረቀቱን ከነአጉሊ መነጽሩ ጭኑ ላይ አድርጌ። ይደነግጣል፣ ምናልባት ያለቅሳል ብዬ ውኃ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

መነጽሩን አላነሳም። «አውቃለሁ» አለ።

ምን?

«በታገድኩ በሁለተኛው ዓመት ጳጳሱ መጡ። ፍርድ ቤት በር። ከመኪና አልወረዱም፣ በመስኮት ጠሩኝ። ስህተት ነው የተደረገው፣ እኔ ታገሱ ነው ያልኩት አሉኝ። ግን በደብዳቤ ወጥቷል፣ በሕዝብ ፊት ተነቧል፣ አሁን ብንሽረው ሰው ምን ይላል? አመቺ ጊዜ እስኪመጣ…»

«እስኪመጣ ምን?»

«ለጊዜው ይታገሱ አሉኝ።»

ታገሠ እኮ! እግዱን በወረቀት፣ ትዕግሥቱን በቃል፣ ሁለቱንም ፈጸመ! ጳጳሱ በስድስተኛው ዓመት ሞቱ፣ ነገሩን ይዘውት መቃብር ገቡ። ወንድሜ «የተሻረው ቄስ ልጅ» ሲሉት መስማት መርሮት በአሥራ ሰባት ዓመቱ አገር ጥሎ ሄደ። እናቴ ባሏ ምን ቢበድል ነው እየተባለች፣ አንገቷን እንደደፋች ሞተች።

«ለእማዬ ነግረሃታል?»

መስኮቱን አየ። አልነገራትም።

ጮኽኩበት። ልቡ የደከመ ሰማንያ ሁለት ዓመት ሰው ላይ ጮኽኩ። ከዚያ አፍሬ ወጥ ቤት ገብቼ የታጠበ ዕቃ አጠብኩ።

ስመለስ ወረቀቱን ይዞት ነበር። እያየ ያለው ጭረቷን አይደለም። «ትዕግሥት እኮ በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው» አለኝ። «ጳጳስ ሆነው በእሳቱ ጻፉት። በንጉሡ ቢጽፉት ኖሮ ማንም ከዱ ጋር አያምታታትም ነበር።» ከዚያ ወረቀቱን መልሶ ሰጠኝና፣ «ኤጲስ ቆጶስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ? የበላይ ተመልካች። ቃሉ ከግሪክ ነው። ሥራው ማየት ነው።»

ሰኞ፣ ጥቅምት 27

ማኅተሙ ጋ ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩ። ጥግ ላይ ያሉትን ሁለት ፊደላት ሲያይ እጁ ኪሱ ገባ። ማኅተሙን ጨበጠ መሰለኝ።

«ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ» አለ።

«እኔ አሥራ ስድስት።»

ስልኩ ጮኸ፣ አላነሳውም።

«ጳጳስ የፈረሙበት ነው፣ እህቴ። እኔ ምን ላድርገው?»

«ስህተት ነበር ተብሎ ይጻፍ።»

«ስህተት… የሚለው ቃል ከባድ ነው። ምሕረት ቢባልስ? ይቅርታ ተደርጎላቸዋል ተብሎ ክህነታቸው ቢመለስ? ለአባትሽ ያው አይደለም?»

ያው? ምን አጥፍቶ ነው ይቅር የሚባለው? ቢሰርቅ፣ ቢዋሽ፣ ቢያመነዝር አንድ ነገር ነው። የፊርማውን ጅራት ስላስረዘመ ነው?

ብፁዕነታቸው ዘንድ ቀጠሮ ይያዝልኝ አልኩት። ያዘልኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

አሥር ደቂቃ ተሰጠኝ። መስቀል ተሳለምኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ በር ደብዳቤ ሳመላልስ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ትራሱ ለስላሳ ነው፣ ሰው ሰመጥ ይላል። ግድግዳው ላይ አምስቱ የቀድሞ ጳጳሳት። ታጋሹም አሉ፣ ሦስተኛው ላይ።

ወረቀቱንም መነጽሩንም ፊታቸው አስቀመጥኩ። ሁሉን ነገርኳቸው። ብፁዕነታቸው ክፉ ሰው አይደሉም። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ችግሩም እሱ ነው፣ ወረቀቱን አላዩትም።

«ልጄ» አሉ፣ «በነገሥታት ፊት ቆሞ እውነት የተናገረው ጳጳስ ነው። በስደት ዘመን መጀመሪያ አንገቱን የሰጠው ጳጳስ ነው። መናፍቃን ሲነሡ ሃይማኖትን የጠበቀው ጳጳስ ነው። ያ ሁሉ የቆመው በሥልጣን ነው። ዛሬ እኔ የእሳቸውን ፊርማ ብነካ ነገ የእኔን የሚነካ ይመጣል። የጳጳስ ፊርማ አይነካም።»

እውነት ነው እኮ የሚሉት። ከመጽሐፉ መግቢያ ላይ ነው፣ እኔው ጽፌዋለሁ። ታዲያ አንገት የሰጡት ሰዎች ወራሾች አንዲት ቃል መልሶ ማንበብ እንዴት ከበዳቸው? ይህን ግን አላልኳቸውም። አሁን ነው የመጣልኝ፣ ቤት ተቀምጬ።

ያልኩት ይህን ብቻ ነው። «አባቴ እየሞተ ነው።»

«ለዚህ ነው ምሕረት የምናደርገው። ይቅርታ ተደርጎላቸዋል ብለሽ ጻፊው፣ እፈርማለሁ።»

ሰዓታቸውን አዩ። መስቀል ተሳልሜ ወጣሁ። መነጽሩን ረስቼ ልመለስ ስል፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዕንባዬ መጣ። ማኅተሙ ነው አምጥቶ የሰጠኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

አልጻፍኩትም።

ሰኞ፣ ኅዳር 11

ዛሬም አልጻፍኩም። ኮምፒውተሩን እከፍታለሁ፣ «ይቅርታ» እላለሁ፣ እሰርዘዋለሁ።

ወንድሜ ደወለ። ሁሉን ያውቃል፣ ጽፌለት ነበር። እኔ ከእሱ ጠብ ነበር የምጠብቀው፤ አቃጥያቸው፣ ጋዜጣ ላይ አውጪው እንዲለኝ። «ጻፊና ገላግይው» አለኝ። «ከማን ወገን ነህ?» አልኩት። «ከሚሞተው ሰው» አለ።

አባዬ አሁን ሁለት ትራስ ደርቦ ነው የሚተኛው፣ ካልሆነ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሾርባ በማንኪያ ሳጎርሰው እጄን ያዘ።

«ወረቀቱስ?»

«በምሕረት ነው የምንመልስልህ አሉ። ጥፋተኛ ነበርክ ማለት እኮ ነው። እንዴት አድርጌ…»

«የማንን ክብር ነው የምትጠብቂው? የእኔን ነው ወይስ የራስሽን?»

ሾርባው ቀዘቀዘ። እግዜር ያሳያችሁ፣ የታጋሽ ሰው ልጅ ሆኜ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። ወይስ እሱ የሁላችንንም ጨረሰው?

ሐሙስ፣ ኅዳር 14

ጻፍኩት።

ማኅተሙ የሰጠኝ ረቂቅ እንዲህ ይላል። «ለጊዜው ታግደው ለቆዩት ቄስ ሀገረ ስብከቱ ይቅርታ ያደረገላቸው በመሆኑ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከነሙሉ ክህነታቸው…»

እኔ የጻፍኩት እንዲህ ይላል። «ለጊዜው ታግደው ለቆዩት ቄስ ሀገረ ስብከቱ ይቅርታ የጠየቃቸው በመሆኑ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከነሙሉ ክህነታቸው…»

አንዲት ቃል። ሌላ ሰባት ደብዳቤ ነበር ለፊርማ፤ የአባዬን ስድስተኛ ላይ አደረግኩት። ብፁዕነታቸው ስልክ ላይ ነበሩ፣ ስለ መጽሐፉ ሽፋን። ቀዩ ይሻላል፣ አይ ወይን ጠጁ… እያሉ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ፈረሙ። ስድስተኛው ላይ ብዕራቸው ቆም አለ። «ወይን ጠጁ ይሁን» አሉና ፈረሙ።

ማኅተሙ የመጀመሪያውን አነበበ። የቀሩትን መታ መታ አደረጋቸው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆን ብዬ አንዲት ፊደል አሳስቼ አላውቅም። ኃጢአት ነው? ነው መሰለኝ። ለማን ልናዘዘው እንግዲህ?

ዓርብ፣ ኅዳር 15

ጠዋት ሳልነግረው ወረቀቱን ሰጠሁት። ትራሱን አስደገፍኩት። አጉሊ መነጽሩን ጠየቀኝ። የማኅተሙን ክብ ዞሮ ዞሮ አነበበ፣ ፊርማውን አየ፣ ከዚያ ከላይ ጀመረ። ጣቱን በየቃሉ ሥር እያስሄደ፣ ሕፃናት ሲያስተምር እንደሚያደርገው። አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ።

«የጠየቃቸው… ማን ነው የጠየቀኝ?»

ትራሱን አስተካከልኩለት።

«አነበቡት?»

«ፈርመዋል።»

«አነበቡት ወይ ነው ያልኩሽ።»

«አላነበቡትም።»

አባዬ ሳቀ። መጀመሪያ ሳል መስሎኝ ሮጥኩ። ሳቅ ነው። ትከሻው እስኪነቃነቅ፣ ዕንባው እስኪወርድ። «ያኛውንም እኮ አላነበቡትም ነበር» አለ። «ተካካስን።» እኔም ሳቅኩ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ። ሁለታችን አብረን ከሳቅን ስንት ዓመታችን ነው?

ከዚያ ዕንባውን ጠረገና «ውሸት ነው ግን» አለኝ።

«አዎ፣ ውሸት ነው።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት የኖርኩበትም ውሸት ነበር። ያኛውን እኔ ተሸከምኩት። ይሄኛውን አንቺ እንዳትሸከሚው ነው የምፈራው።»

ወረቀቱን ትራሱ ሥር ከተተው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 28

አባዬ ዛሬ ጠዋት አረፈ። ሬዲዮው እንደተከፈተ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 30

ቀበርነው። የክህነት ልብሱን ለብሶ፣ መስቀሉን ጨብጦ። ልብሱ ላይ የእናቴ እጥፋት እንዳለ ነበር፣ አራት መስመር። ልተኩሰው አልኩና ተውኩት።

ብፁዕነታቸው መጡ። ምሕረት ያደረጉለት ቄስ ቀብር ነዋ! ለመጽሐፉ መጨረሻ ጥሩ ሥዕል ይሆናል ተብሎ ፎቶ አንሺም ይዘው መጥተዋል። ወንድሜ ከአውሮፕላን ጣቢያ በቀጥታ ነበር የመጣው፤ ጥግ ላይ ቆሞ የጫማውን አፍንጫ ያያል። ፍርድ ቤት በር አባዬ የጻፈላቸው ሰዎች ግን… ይህን ያህል ሰው አልጠበቅኩም። ግቢው ሞላ።

ሥርዓቱ ሲያልቅ ማኅተሙ ደብዳቤውን ሊያነብ ተነሣ። ከትራሱ ሥር አውጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። መነጽሩን አደረገ። ድምፁ ጥሩ ነው፣ ያኔም ወጣት ሆኖ ያነበበው እሱ ነበር ይባላል፤ እኔ የአባዬን ፊት ብቻ ነበር ያየሁት። «ለጊዜው ታግደው ለቆዩት ቄስ ሀገረ ስብከቱ ይቅርታ…»

ቆመ።

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኔን አልሰበርኩም። ረቂቁን የጻፈው ራሱ ነው፣ ቃሉን በቃሉ ያውቀዋል። «ያደረገላቸው» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ማን ያውቅበታል? ከእኔ በቀር ማንም። ጳጳሱን አየ። ወረቀቱን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«…ሀገረ ስብከቱ ይቅርታ የጠየቃቸው በመሆኑ» አለ።

ደግሞ ደገመው። ለምን እንደደገመው አላውቅም፣ ግን ደገመው። «ይቅርታ የጠየቃቸው በመሆኑ።»

አጠገቤ አንዲት ሴትዮ ጎረቤቷን ጎሸም አደረገቻት። «ጳጳሱ ይቅርታ ጠየቁ ነው የሚለው?» «እንደዚያ ነው የሚለው።» ነገሩ ከፊት ወደ ኋላ ሲሄድ ይሰማል። ሰው ሁሉ ወደ ብፁዕነታቸው ዞረ። እሳቸው ደግሞ ምን ይበሉ? አይ፣ ተሳስቷል ይበሉ? የፈረምኩትን አላነበብኩትም ይበሉ? የጳጳስ ፊርማ አይነካም። አንገታቸውን ደፉ። ከሩቅ ለሚያይ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ይመስሉ ነበር፤ ፎቶ አንሺውም አነሣቸው።

ወንድሜ አለቀሰ። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ሲሄድ እንኳ አላለቀሰም ነበር።

ብፁዕነታቸው ሲሸኙ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉኝ። ዝቅ ብለው ደግሞ፣ «ሰኞ ቢሮ።»

ሁሉም ሰማ። አባዬ ብቻ አልሰማም። ይሄን ማን ይመልስልኛል?

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 2

ማብራሪያ በጽሑፍ አምጪ ተባልኩ። ሁለት መስመር ጻፍኩ። «ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የፈረሙት ብፁዕነትዎ ነዎት።» ከሥሩ ፈረምኩ። ሳላስበው ከስሜ ሥር ረጅም መስመር ጎተትኩ።

መልስ እስኪመጣ ቤትሽ ቆዪ አሉኝ። የካህናቱን ዝርዝር ለማተሚያ ቤት ልኬ ጨርሼ ነበር፣ ደግነቱ።

ዕቃዬን ስሰበስብ ማኅተሙ መጣ። በሩ ላይ ቆመ፣ አልገባም።

«ሱ ነበረች» አለ።

«ምን?»

«ያኔም ሱ እንደሆነች ጠርጥሬ ነበር። ቀለሙን አይቻለሁ። ገብቼ ልጠይቃቸው በሩ ድረስ ሄድኩ። ፈራኋቸው። ጳጳስ የጻፈውን አንብቦ መረዳት ያቅተዋል እንዳይሉኝ… ተመለስኩና ዱ ብዬ መታሁት።»

ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ በር ፍርሃት። እሱ ይቅርታ አድርጊልኝ አላለም፣ እኔም አላደረግኩም። «ቅዳሜ ለምን ደገሙት?» አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። እጁን ኪሱ ከቶ ሄደ።

ጠልቼው ልውጣ ብዬ ነበር። እሱን እንኳ አሳጣኝ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 19

ፍርድ ቤት በር፣ በአባዬ ጠረጴዛ፣ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ቤት ቁጭ ብሎ መልስ መጠበቅ አልሆነልኝም። ዘበኛው «የቀድሞው ልጅ ናት» ብሎ ቦታውን አስለቀቀልኝ። ዛሬ ለሦስት ሰው ጻፍኩ። አንዷ «አባትሽ እንደጻፈልኝ አድርገሽ» አለችኝ። አንዱ የጠረጴዛው እግር ያጥራል፣ በጻፍኩ ቁጥር ይንገጫገጫል። አባዬ እንዴት ችሎት ኖረ? ጥያቄ ነው ይሄም?

ከሰዓት በኋላ የሀገረ ስብከቱ ሾፌር መጣ። ሁለት ነገር ይዞልኝ።

አንዱ መጽሐፉ ነው። ሽፋኑ ወይን ጠጅ። ጳጳሳቱን አልፌ ወደ መጨረሻው ገለጥኩ። አባዬ አለ። ቄስ ተብሎ፣ ከተሾመበት ዓመት እስከ ዕለተ ሞቱ፣ መሐሉ ሳይቆረጥ። ደቃቅ ፊደል ነው። ግን አለ።

ሁለተኛው የእኔው ማብራሪያ ነው፣ ተመልሶ። ከፊርማዬ ሥር ብፁዕነታቸው በእጃቸው መልስ ጽፈውበታል። ሁለት ቃል። የመጀመሪያዋ «ለጊዜው» ናት፣ ትነበባለች። ሁለተኛዋ… ትታገስ? ትታገድ? የፊርማዬ መስመር የመጨረሻዋ ፊደል አናት ላይ አርፏል። አጉሊ መነጽሩን አወጣሁ። እሳቸው በሰማያዊ፣ እኔም በሰማያዊ። አይለይም።

ሾፌሩ ቆሞ ይጠብቃል። «መልስ አለው ወይ በላት ብለውኛል።»

ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፍኩና ከአጭሩ እግር ሥር ከተትኩት። ጠረጴዛው ጸጥ አለ።

«ምን ልበላቸው?»

«የቱንም ይበሉ፣ አልታገሥም» በላቸው። በንጉሡ ሠ ጻፍልኝ አልኩት።